ማጭድና ሁለት ነጥብ

ገዳሪፍ ሳለሁ ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ሱዳኑም ያገሬ ልጅም «ባለ ብሩሹ» ነበር የሚለኝ። ሥራዬ የጆንያ ምልክት መቀባት ነው። ሰሊጡ ከእርሻ ተጭኖ መጋዘን ሲገባ የማን መሆኑ የሚታወቀው እኔ ጆንያው ሆድ ላይ በጥቁር ቀለም በምቀባው ምልክት ነበር፤ ያንዱ ነጋዴ ሚዛን፣ ያንዱ ኮከብ፣ ያንዱ በዐረብኛ ሁለት ፊደል። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ በር ላይ ቆሜ የማን ዕቃ የት እንዳለ እናገር ነበር። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል። ያኔ የነበሩ ሰዎች ያውቃሉ።

ዛሬ ጎንደር ተመልሼ ስኖር፣ ሳሙና ልገዛ ትልቅ ሱቅ በገባሁ ቁጥር ሻጯ ያችን መስመር መስመር ያላትን ምልክት ቀይ መብራት ላይ ስታሳልፋት «ጢጥ» የሚለው ድምፅ መልሶ ገዳሪፍ ይወስደኛል። ሌላው ሰው ድሮውን በዘፈን ያስታውሳል፤ እኔ በጢጥ ነው። ምን ይደረግ።

የመጋዘኑ ባለቤት ጎንደር ተወልደው ገና በወጣትነታቸው ሱዳን የገቡ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ሐጅዬ እንላቸዋለን። ነጭ ጀላቢያቸው ላይ አንድም ቀን የሰሊጥ አቧራ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ደግሞ ከጥፍሬ ቀለም ጠፍቶ አያውቅም ነበር። «አንተን ሰው ቢሰርቅህ እንኳ በጣትህ አሻራ አገኝሃለሁ» ይሉኝ ነበር። ቁጡ ነበሩ፤ ግን ቁጣቸው እንደ ገዳሪፍ ዝናብ ነው፣ ዶፍ ወርዶ ወዲያው ፀሐይ ይወጣል።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲያልቅ ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከጭልጋ የሚመጡ ሠራተኞች ከተማዋን ይሞሏታል። ሰሊጥ አጭደው፣ አራግፈው፣ ማሽላ ቆርጠው ሲጨርሱ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። መንገዱ ያኔ ሽፍታ አያጣም፤ ሸክም ተሸክሞ ማለፍ «ኑና ዝረፉኝ» ማለት ነበር። ስለዚህ የከበደውን ዕቃቸውን አንድ ጆንያ ውስጥ ከተው፣ አፉን ሰፍተው፣ እስከሚመለሱ እኛ ዘንድ ያስቀምጡታል። እዚያ አማና ይሉታል፤ የኛው አደራ ነው። ሐጅዬ ለዚህ ከማንም ምንም አይቀበሉም። ግን አጥብቀው የያዙት ሕግ ነበራቸው፤ አማና አይመዘንም፣ አይፈታም፣ ውስጡ ምን እንዳለ ባለቤቱም አይጠየቅም። ጆንያዎቹ የሚቀመጡት በስተግራ ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ነበር።

ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። ቢችሉም በስም አልቀባም ነበር፤ ስም ይመሳሰላል። «ምን ልቀባልህ?» እላለሁ። አንዱ የአባቱ ከብቶች ላይ የሚተኮሰውን ምልክት ይነግረኛል፣ አንዱ መንሽ፣ አንዱ መስቀል፣ አንዱ ደግሞ «ያሻህን፤ ብቻ ከሌላው እንዳይመሳሰል» ይላል። እኔ ከመቀባቴ በፊት መሬት ላይ በጣቴ ሥዬ አሳያለሁ፤ እሱ «እሱ ነው» ካለ አበቃ። ያች የመሬት ሥዕል ፊርማችን ናት። ከሁለታችን በቀር የሚያውቃት የለም።

ከነዚያ አንዱ ረዥምና ቀጭን፣ ሲናገር የማይስቅ፣ ሌላውን ግን የሚያስቅ ሰው ነበር። ሞባይል ገዳሪፍን ሳያውቃት ነው። ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ አምጥቶ ርብራቡ ላይ አኖረና «ማጭድ ቀባልኝ፤ ከላዩ ሁለት ነጥብ» አለኝ። ቀባሁለት። ሐጅዬ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ማሻአላህ! ክርስቲያኑ ጨረቃ አስቀባ?»

«ማጭድ ነው ሐጅዬ» አለ ሰውየው፤ «ጨረቃማ ሰሊጥ አያጭድም።»

ሐጅዬ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ብሩሼን ይዤ ሳቅሁ። ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ ጠየቅሁት፤ «አንተ ቀባ» አለኝ እንጂ አልነገረኝም። «ወፍራም አድርገህ ግን። ጠፍቶ እንዳላጣው።»

ወፍራም አድርጌ ቀባሁ። «ከርሞ እመጣለሁ» አለኝ። «አደራህን በሰማይ፣ አደራህን በምድር።» እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀበልሁ።

ከርሞ አልመጣም። የሚቀጥለውም ዓመት አልመጣም። እንደሱ ያልተመለሱ ሌሎችም ነበሩ፤ የታመመ አለ፣ ያገባ አለ፣ መሬት ያገኘ አለ፣ የሞተም ይኖራል። አንዳንዱ ከአምስት ዓመት በኋላ ብቅ ብሎ ምልክቱን መሬት ላይ ሲስልልኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጆንያው ሲወርድለት ፊቱን ማየት ነው እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ። የማጭዱን ባለቤት ግን ጠበቅሁት፣ ጠበቅሁት፣ የለም። አቧራው ምልክት ይበላልና በየዓመቱ ኸሪፍ፣ ማለትም ክረምቱ፣ ከመግባቱ በፊት የአማናዎቹን ምልክት ሁሉ ደግሜ እቀባለሁ። ከጊዜ ብዛት ቀለሙ ተደራርቦ እንደ ጠባሳ ከፍ ብሎ ይዳሰስ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ያምረኝ ነበር። ሳቀናው ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ አውቃለሁ። ጆንያ እንደሆነ አይናገርም።

ዓመታት አለፉ። ሐጅዬ በዱላ መሄድ ጀመሩ፣ ካርቱም ኮምፒዩተር ያጠናች ልጃቸው ሥራውን ያዘች። ሱዳን ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ አንተንና አንቱን አይለይም፣ መሐል ላይ ዐረብኛው ይቀድማታል። እኔን «ያ ዐሚ» ነበር የምትለኝ፤ አጎቴ እንደማለት። አንድ ቀን ከካርቱም ሦስት ካርቶን ይዛ መጣች። አንዱ ወረቀት የሚያትም ማሽን፣ አንዱ ጥቅልል ተለጣፊ ወረቀት፣ አንዱ ሽጉጥ የመሰለ ቀይ መብራት የሚተፋ ነገር።

«ገዢዎቹ እያንዳንዱ ሹዋል ከየትኛው እርሻ እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋሉ፣ ያ ዐሚ» አለችኝ። ሹዋል ጆንያ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም የራሱ ቁጥር አለው።»

አንዷን ወረቀት ተቀብዬ አየኋት። ቀጭን መስመር፣ ወፍራም መስመር፣ እንደገና ቀጭን። «ይኼ ምልክት ነው? ይኼማ የተንጋደደ አጥር ነው» አልሁ። እሷ ግን ትዕግሥት ነበራት። መስመሩ ብቻ ሳይሆን በመካከሉ ያለው ነጩም እንደሚነበብ፣ ጠርዙ ላይ ባዶ ቦታ ካልተተወለት ማሽኑ የት እንደሚጀምር እንደማያውቅ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ይቺ ነገር ደስ አለችኝ፤ እኔም ስቀባ በምልክቱ ዙሪያ ባዶ እተው ነበርና። ደስ ማለቱን ግን አልነገርኋትም።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ ሆነ። መቶ ጆንያ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ዓይነት ነበርና መኪና ላይ የገዳሪፍ ፀሐይ ሲያገኘው ጠቆረ፤ ወደ ማታ ሁሉም የከሰል ቁራጭ መስሎ ቁጭ አለ። ሽጉጧን ብትደቅንበት ዝም። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብዬ ተረትሁባት። አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ከሪባን የሚወጣ ሌላ ማሽን አስመጣችና ወረቀቱን ጆንያው አፍ ላይ ከስፌቱ ጋራ አሰፋችው። ያ ሠራ። እንዲያውም በጣም ሠራ። ድሮ አንድ መኪና ሲጫን ሸካሚዎቹ «ይኼ የማን ነው፣ ያ የማን ነው» እያሉ ግማሽ ቀን ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ፤ ዳኛው እኔ ነበርሁ። አሁን ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፤ መኪናው ሄደ። የሚጨቃጨቅ ጠፋ። የሚጠይቀኝም ጠፋ። ያ ጭቅጭቅ እንዲህ ይናፍቀኛል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ከዚያ ዓይኗ የአማናው ጥግ ላይ አረፈ። ሠላሳ አንድ ጆንያ ቀርቶ ነበር።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«አማና ናቸው። አባትሽ ያውቃሉ።»

«ማሽኑ ግን አያውቃቸውም። ማሽኑ የማያውቀው ዕቃ መኽዘን ውስጥ የለም ማለት ነው። ቆጠራ ላይ ቁጥር የሌለው ሁሉ ይወጣል፤ ኸላስ፣ አበቃ።»

«የለም? ይኸው እዚህ ናቸው፤ ዓይንሽ አያይም?» ጮህሁባት። ሠላሳ አንድ ሰው ከቤቱ የምታስወጣ መስሎ ተሰማኝ። ኋላ ግን እሷም ክፋት የላትም፤ ከተፈለገ ቁጥር ይሰጣቸው ተባብለን ታረቅን። ማሽኑ የባለቤት ስም ሲጠይቅ ለሁሉም የኔን ስም አስገባች፤ የማንንም ስም አላውቅማ። በአንድ ቀን የሠላሳ አንድ ጆንያ ጌታ ሆንሁ። ሸካሚዎቹ ለሳምንት «ያ ሼኽ!» እያሉ አሾፉብኝ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር፤ ማንም አላጠፋውም፣ እኔው ነኝ። አማናዎቹ አፋቸው የተሰፋው በባለቤቶቹ እጅ ነውና ስፌቱን መንካት አልፈለግሁም። ወረቀቱ ሆዳቸው ላይ መለጠፍ ነበረበት። የቃጫ ጆንያ ደግሞ ጨርቁ ሻካራ፣ አቧራው ብዙ ነው፤ ወረቀቱ አልይዝ አለ። የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ቀለሜ ተደራርቦ የለሰለሰበት። እኔም፣ የሃያ ዓመት ባለ ብሩሽ፣ «የባለቤት ምልክት ቦታው እዚህ ነው» ብዬ ሠላሳ አንዱንም ወረቀት በገዛ ምልክቶቼ ላይ ጥብቅ አድርጌ ለጠፍሁ። በመዳፌም አሸሁት። የትኛው ቁጥር የትኛው ምልክት እንደሆነ ጽፌ ልያዝ እንኳ አላልሁም፤ ቦታቸውን በልቤ አውቀዋለሁ አይደል።

በዚያው ክረምት ወባ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። እኔ ተኝቼ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ሸካሚዎቹ ደግ ሠሩ ብለው አማናዎቹን ሁሉ አንስተው ወደ ቀኙ ጥግ አዛወሩ። ድኜ ስመለስ ሠላሳ አንድ ጆንያ፣ ሠላሳ አንድ ነጭ ወረቀት ቆሞ ጠበቀኝ። አንዱን ካንዱ መለየት አቃተኝ። ልቤ ደነገጠ፤ ግን «ማን ሊመጣ ነው፤ ስንት ዓመት ሆነው» ብዬ ራሴን አባበልሁ። እንዲህ ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መጣች። ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጡ ሲታጨድ፣ አንዲት ሃያ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ነጠላዋ በመንገድ አቧራ የቀላ፣ ከራክሻ፣ ከኛው ባጃጅ፣ ወርዳ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። ሸካሚዎቹን በዐረብኛ ለመጠየቅ ሞክራ ስላቃታት በአማርኛ «ባለ ብሩሹ ይኖራል?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልሁ። ያን ስም ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

«አባቴ ነው የላከኝ። እዚህ አደራ አለው። ይኸን በይው ብሎኛል» ብላ አጎነበሰችና በጣቷ አቧራው ላይ ማጭድ ሣለች። ከላዩም ሁለት ነጥብ አኖረችበት።

እኔም አጠገቧ አጎነበስሁ። «በሕይወት አለ?»

«አለ። ዓይኑ ነው የጠፋው። ከዚህ በተመለሰ በዓመቱ አሞት ቀረ። እስካሁን ሰው ልኮ አያውቅም፤ የሚያምነው አጥቶ። እኔ ስደርስ ላከኝ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ቢለዋውጡብሽ እንኳ ግድ የለም፣ እኔ በጣቴ አውቀዋለሁ፤ ሰውየው ሲቀባ ወፍራም ነው አለኝ።»

ምን ልበላት? ይዣት ገባሁ። ያን ሁሉ ነጭ ወረቀት አሳየኋት። «ከነዚህ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኋት። እሷ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ቆጠረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አገሬ ላይ ሌባ ከመባል አደራ በላ መባል ይከፋል፤ ሌባስ አምነው አልሰጡትም።

የሐጅዬ ልጅ ሽጉጧን ይዛ መጣች። አንዱን ጆንያ ጢጥ አደረገችው፤ የኔ ስም። ሌላውን ጢጥ፤ የኔ ስም። ሠላሳ አንድ ጊዜ የኔ ስም። «ውስጡ ምንድን ነው? ፈትተን እንይ» አለች።

«አላውቅም፤ አልነገረኝም» አለች እንግዳዋ።

ከኋላችን የዱላ ድምፅ ሰማን። ሐጅዬ ናቸው። «አማና አይፈታም» አሉ። ልጃቸው ሽጉጧን ዝቅ አደረገች።

የቀረን ወረቀቱን መላጥ ነበር። ባልዲ ውኃ አስመጣሁ፤ ጨርቅ እየነከርሁ ወረቀቱን አርሼ፣ ከጥግ በጥፍሬ ይዤ ቀስ ብዬ ሳብሁት። ሲላቀቅ ቀለሜም አብሮት መጣ። የስንት ዓመት ቀለም ከጆንያው ተገንጥሎ ከወረቀቱ ጀርባ ሙጫው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ጆንያው ላይ የቀረው የደበዘዘ እድፍ ብቻ ነው። ገልብጬ መሬት ላይ አኖርሁት። መንሹ ነበር፤ ቀኙ ግራ ሆኖ። ያ ተረብ የሚወድ የጭልጋ ሰው። ሌላውን ላጥሁ፤ ቁልፉ። አገሩ ገብቼ ቤት እሠራለሁ ብሎ ቁልፍ ያስቀባ። ሌላው መስቀል። ሌላው የወንበር ምልክት፤ ይኸ ዳኛ መሆን ነበር የሚመኘው። አንድ በአንድ መጡልኝ፤ ሣቃቸው፣ ሳላቸው፣ ቆመው «እሱ ነው» ሲሉኝ የነበረው ሁሉ። ሴቶቹ ከበላዬ ቆመው እኔ ተንበርክኬ አለቀስሁ። አዎ አለቀስሁ፤ ምን ይገርማል።

አሥራ ዘጠነኛው ላይ ማጭዱ ወጣ። አፉ በተቃራኒው ዞሯል፤ ሁለቱ ነጥቦች ግን ከላዩ አሉ። የገዛ እጄን እንዴት አላውቀው። «ይኸ ነው» አልሁ፤ ልጅቱ ጆንያውን አቀፈችው።

ከዚያ እጇን ሆዱ ላይ ስታሳልፍ ፊቷ ተለወጠ። «አሁን ምኑን ይዳስሰዋል?»

እውነቷን ነው። የሚዳሰሰው ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። ጆንያው ልሙጥ ሆኗል፤ ዓይን ላለው እድፉ ይታያል፣ ለዓይነ ስውር ግን ማንኛውም ጆንያ ነው። ስንት ዓመት ጠብቆ፣ ልጁ «ይኸ ነው» ብትለውም በልቡ «ሌላ ሰጥተዋታል» እያለ ሊሞት ነው። የኔም ቃል አብሮት ሊሞት ነው።

ቀለም የለኝም። ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ ቆርቆሮዬ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ወደ ገበያ በራክሻ በርሬ ጥቁር ቀለምና አዲስ ብሩሽ ይዤ ተመለስሁ። ወደ ድንበሯ ገላባት የሚሄደው መኪና ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ጆንያውን ፀሐይ ላይ አውጥቼ አንዴ ቀባሁት፣ እስኪደርቅ ጠብቀን ደገምሁት፣ ደግሞ ሠለስሁት። የሐጅዬ ልጅ ከቢሮዋ የኤሌክትሪክ ማራገቢያዋን ከነረዥም ገመዱ ጎትታ አመጣችና ቶሎ እንዲደርቅ ጆንያው ፊት ደቀነችው። የቢሮዋ ሙቀት ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ወደድኋት።

ስንጠብቅ ልጅቱን «ነጥቦቹ ምንድን ናቸው? አባትሽን ጠይቄ እምቢ ብሎኝ ነበር» አልኋት።

«አንዱ እሱ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ» አለች አፍራ። «እናቴ ስትወልደኝ ሞታለች። እሱ ለሥራ ሲመጣ እኔ ከአያቴ ጋራ እቀር ነበር። ለዚህ ነው የተራራቁት ይለኛል።»

ሦስተኛውን ቀለም የቀባሁት ይኸን ከሰማሁ በኋላ ነው።

ስትሄድ በሩ ላይ ከጆንያው የላጥሁት ወረቀት ጢጥ ተደረገ፤ ማሽኑ ውስጥ የኔ ሀብት ሠላሳ ሆነ። የቀሩትንም ልጬ በየምልክታቸው መልሼ ቀባሁ፤ ወረቀታቸውን ከጎን፣ ጣውላ ላይ ቸንክሬ፣ ቁጥሩንና ምልክቱን ደብተር ላይ አስተያይቼ ሣልሁ። የሐጅዬ ልጅ ይኸን አይታ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥታ ማሽኑ ውስጥ አስገባቻቸው። አሁን ጢጥ ሲል መንሹ ይወጣል፣ ቁልፉ ይወጣል። ይኸን ከመጀመሪያው ብንመካከር ኖሮ አልሁ፤ ሁለታችንም አፈርን።

ከሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የልጅቱ ድምፅ «ቆዩ፣ ላገናኛችሁ» አለኝና የሽማግሌ ሳል ሰማሁ።

«ባለ ብሩሹ!» አለ። «ማጭዱ የራሴ ነው። እጅህ አልተለወጠም። ነጥቦቹ ግን ተጠጋግተዋል፤ ድሮ በመካከላቸው ሁለት ጣት ይገባ ነበር።»

«እጄ አርጅቶ ነው» አልሁት።

ዋሸሁት። ሆን ብዬ ነው ያጠጋጋኋቸው። እሱም ያወቀብኝ መሰለኝ፤ ያን የማይስቅ ሳቁን ሳቀ። ጆንያው ውስጥ ምን እንደነበረ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።